የሐጂ ዘህራን ጣት

ሐጂ ዘህራን ሳሙና ገዝተው አያውቁም። ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ በግቢያችን መካከል ባለው አጭር ግድግዳ ላይ ብቅ ይሉና «ዙወይና፣ ሳሙና!» ይላሉ። እኔም እያጉረመረምኩ አቀብላቸዋለሁ። ንፉግ ናቸው እንዳልል ቴምራቸውን ለመንደሩ ሁሉ ያድላሉ፤ ሳሙና መግዛት ብቻ ሞታቸው ነው። እስከ ክርናቸው ታጥበው ከወጡ አንድ ቤት ልጅ ተወልዷል ማለት ነው።

በእኛ መንደር የአራስ ልጅን አፍ በቴምር የሚያሟሽ ደግ ሰው ይፈለጋል፤ ጠባዩን ይውረሰው ተብሎ። ሐጂ የበሰለውን ቴምር በጣታቸው ያሹና የሕፃኑን ላንቃ ስስ አድርገው ይቀባሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ዛፋቸው ይመለሳሉ። ዕድሜ ልካቸውን የቴምር ዛፍ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እግራቸው እንደ ቅርፊት ጠጥሯል፣ እጃቸው ግን ሕፃን ሲይዝ ለጉድ ይለሰልሳል። የእኔን ልጅ አፍ ያሟሹትም እሳቸው ነበሩ። ደግነታቸውን መውረሱን እንጃ፤ ሳሙና አለመግዛቱን ግን ወርሷል።

የልጅ ልጃቸው ሸምሳ ስትወልድ ደስታቸው መድረሻ አጣ። እናቷ ሞታባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ለወንድማቸው የልጅ ልጅ ለናሲር የዳሯትም እሳቸው ናቸው። ሙዝና የሚሏትን ሕፃን ታቅፈው፣ ለዚህ ቀን ባስቀመጡት ቴምር አፏን አሟሹላት። ጨርሰው እንደገና ቀቧት። ሸምሳ ሳቀች፣ እኔም «ኧረ ይበቃታል!» አልኩ።

ልጅቷ ግን አልጠና አለች። ጡት እየጠባች ትጠማለች፣ ጨርቋ አይደርቅም፣ ከወር በላይ ሆኗት ክብደቷ እንደተወለደችው ነው። አንድ ጠዋት እየቃተተች ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ናሲር መኪናውን እያበረረ ሆስፒታል አደረሳት። ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ጣሪያ ነክቷል ተባለ። የጥፍር ያህል ጭኗን በኢንሱሊን መርፌ ይወጓት ጀመር። ነፍሷ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ።

ስኳር! ቃሉ መንደር ሲደርስ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ አንድ ሰው ዞረ። ፊት ለፊት የተናገረ የለም። ከውኃ ጉድጓዱ ዳር ግን አንዷ «ያን ሁሉ ጣፋጭ ለአራስ ልጅ» ስትል ሰምቼ ልክ ልኳን ነገርኳት። ምን ዋጋ አለው፣ እሳቸውም ያንኑ ያስቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ቤት ልጅ ተወልዶ ቢጠሯቸው አሞኛል ብለው ዛፍ ላይ ወጡ። የታመመ ሰው ዛፍ ላይ! ከግድግዳው ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ። ሳሙናዬ አላልቅ ሲል አላስቻለኝም፤ ሄጄ ከዛፉ ሥር ቆሜ እስኪወርዱ ጠበቅኩ።

«ለሰው ልጅ ቆንጥሬ፣ ለራሴ ልጅ አበዛሁ» አሉኝ። «ስስቴ ነው ልጅቷን የጎዳት። ቴምሩስ ባይሆን፣ ዘመድ ከዘመድ ያጋባሁት እኔ አይደለሁ?»

ሐኪም አይደለሁም።

ሐኪሟ ዶክተር ባስማ ግን ከስድስት ወር በታች ያለ ልጅ ላይ ስኳር ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከዘር ቅንጣቱ፣ ዘረመል ከሚሉት ነው ብላ፣ የልጅቷንም የወላጆቿንም ደም ለምርመራ ልካ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ሸምሳ አያቷን ካልመጡ ብላ በግድ መኪና ውስጥ አስገባቻቸው። እኔንም አስከትላለች፤ ቢያመልጡ የምይዝ መሆኔ ነው።

ዶክተር ባስማ የእኛው አገር ልጅ ናት፣ ማውራት ታውቃለች። የሙዝና ቆሽት ኢንሱሊኑን ይሠራል፣ ግን መልቀቅ አቅቶታል አለችን። ሐጂ ግራ ሲገባቸው አይታ፣ «አባባ፣ የመስኖ ቦይ አለዎት አይደል? ውኃው ሞልቶ መዝጊያው ቢጣበቅ ዛፉ ምን ይሆናል?» አለቻቸው።

«ይደርቃል» አሉ።

«እንግዲህ ይኸው ነው። መዝጊያው ገና ስትፀነስ ነው የተጣበቀው።»

ሐጂ መሬት መሬት እያዩ፣ «ቴምሩስ?» አሉ።

«ቴምር ይህን በሽታ አያመጣም። ቢያበዙም አያመጣም።»

«ጋብቻውስ?»

ዶክተሯ ዝም ብላ አላባበለቻቸውም። ከዘመድ ጋብቻ የሚመጣ ሌላ ዓይነት እንዳለ፣ እሷም እሱን ፈርታ እንደነበር ነገረቻቸው። የሙዝና ግን በእናቷም በአባቷም ደም ውስጥ አልተገኘም፤ በእሷ የጀመረ አዲስ ለውጥ ነው። በዚያ ላይ የምሥራች ጨመረችልን፦ ይህኛው ዓይነት መዝጊያ ብዙ ጊዜ በኪኒን ይከፈታል። ከሠራላት መርፌው ይቀራል።

ሸምሳ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ሐጂ ጥምጣማቸውን ፈተው እንደገና ጠመጠሙ።

ሙዝናን ለክትትል እዚያው አስተኟት። ነርሷ ኪኒኑን በውኃ አሟሙታ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በጉንጯ በኩል ጠብ ስታደርግላት ልጅቷ ፊቷን አጨማዳ ልትተፋው ሆነ። ነርሷ «የሚጠባ ነገር ስጧት፣ ትውጠዋለች» አለች። ሸምሳ ወደ አያቷ ዞረች።

«አባባ፣ ጣትዎን» አለቻቸው።

ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። አልታጠብኩም አሉ። ነርሷ ወደ ቧንቧው አመለከተቻቸው። እንደዚያ ሲታጠቡ አይቼ አላውቅም፣ ቆዳቸው የሚላጥ መሰለኝ። ከዚያ ጣታቸውን አቀረቡ፣ ሙዝና ጥርቅም አድርጋ ያዘችው፣ ጠባች፣ መድኃኒቱንም ዋጠች።

«መራራ ነው?» ብለው ነርሷን ጠየቁ። ሳይሆን አይቀርም አለች። «እሰይ» አሉና እንባቸው ወረደ።

ስኳሯ ቀስ እያለ ወረደ፣ መርፌውም እየተቀነሰ ቆየና ቀረ። ዛሬ ሙዝና ጉንጯ ሞልቷል፣ ኪኒኗን በየዕለቱ ትወስዳለች። እነሱ ከሆስፒታል በተመለሱ ሰሞን የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ወለደች። እኔ ጓዳ ሆኜ ሩዝ እለቅማለሁ፤ ከግድግዳው ላይ ድምፅ መጣ።

«ዙወይና፣ ሳሙና!»

«ሰው እንዴት ዕድሜ ልኩን ሳሙና አይገዛም?» አልኳቸው። ሩዙን ደፍቼ እየሮጥኩ ነበር።