የቃጫው ካታማራን በዓባያ ላይ

ሐሙስ ንጋት፣ ዲላ

ዲላ ገና አልነጋላትም። አናናስ የሚደረድሩት ሴቶች በስልካቸው መብራት ይሠራሉ። የአንዱ አናናስ ዋጋ ከዓምናው እጥፍ ሆኗል። የይርጋጨፌ ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። የምሄደው ያላመንኩትን ነገር ለማየት ነው።

ምህረት ድሮ ዲላ ውስጥ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቧ ኋላ ኮንጋ ወደምትባል መንደራቸው ተመለሰ፤ ዛሬ የመካኒክስ መምህርት ናት። ወንድሟ ጅግሶ ባሕር ማዶ፣ ዓረብ አገር፣ የጀልባ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቶ ተመልሷል። ሁለቱ ተጋግዘው ከእንሰት ቃጫ የእሽቅድምድም ጀልባ እንደሠሩ በስልክ ስትነግረኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

ወናጎን አለፍን። መንገዱ ዳርና ዳር እንሰት፣ ከሥሩ ቡና፣ ከበላዩ ጥላ ዛፍ ነው። ይርጋጨፌ ላይ ወደ ኮንጋ ሞተር ያዝኩ። ባለሞተሩ የት እንደምሄድ ሲሰማ ሳቀ።

«ኮንጋ ባሕር የለም፣ መርከብ ግን አለ» አለኝ።

ረፋድ፣ ኮንጋ

በአባታቸው ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሳየው ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ከጣውላ በተሠራ ቅርጽ ላይ አንድ የጀልባ ቀፎ፣ ባዶ ገላው፣ ተጋድሟል። ረጅም ነው፤ ወርዱ ግን ሰው በክንዱ ሊያቅፈው ይችላል። አፍንጫው ወደ ፊት ከመሾል ይልቅ ወደ ኋላ ጋደል ብሏል።

ጅግሶ በእጁ እየዳሰሰ አስረዳኝ። ተራ ጀልባ ማዕበሉን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ይኼኛው ሰንጥቆት ያልፋል። ካታማራን የሚሉት መንታ ጀልባ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ቀፎዎች ጎን ለጎን በአግዳሚ ይያያዛሉ። እናታቸው ለቆጮ እንሰት ሲፍቁ የሚተርፈውን ቃጫ አጥበው፣ የቡና ማስጫ አልጋ ላይ አድርቀው፣ በሙጫ እያጣበቁ ደራርበውታል። ምሰሶው ከቀርከሃ ነው፤ እንደ ወፍ ክንፍ ጠፍጠፍ ብሎ ከሸራው ጋር አብሮ ይዞራል።

ይኼ ቀፎ ለሁለተኛ ጀልባ ነው፤ የመጀመሪያው ሁለቱም ቀፎ ተገጥሞለት ዓባያ ሐይቅ ላይ ከሰነበተ ወር ሆኖታል። ነገ አቶ ታምራት ከሚባል ባለሀብት የውጭ አገር ጀልባ ጋር ይወዳደራል። ሰውየው ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ የወጣቶች የጀልባ ውድድር ሊጀምር አስቧል። ከወደደው ያሠራቸዋል። ካልወደደው ደግሞ ጅግሶ ወደ ዓረብ አገር ይመለሳል፤ የድሮ አለቃው እየደወለለት ነው። እናትየው ይህን ሲሰሙ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ዓርብ፣ ዓባያ

በአይሱዙ ወደ ቆላ ወረድን። ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። የሐይቁ ውኃ የሸክላ ቀለም አለው። ዓሣ አጥማጆቹ አዞ እንዳለ እየነገሩን፣ እኛ የሕይወት አድን ጃኬት አጠለቅን። ጅግሶ መሪውን፣ ምህረት የሸራውን ገመድ ያዙ፤ እኔ ለክብደት ቀኙ ቀፎ ላይ ተጫንኩ።

ነፋሱ ከቀኝ መጣ። ምሰሶው ዞረ፣ ሸራው ተነፋ፣ ከዚያ የቀኙ ቀፎ ከውኃው ወጣ። ከነእኔ አየር ላይ ነው! አግዳሚውን አቅፌ ያዝኩ። ምህረት «ወደ ውጭ ተንጋለይ እያልኩሽ ነው!» ብላ እስክትቆጣኝ ድረስ ምን እንደምትለኝ አልሰማሁም። የአቶ ታምራት ጀልባ ከኋላችን እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

ዳር ስንደርስ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ያጨበጭባሉ። አቶ ታምራት ዘግይቶ ደረሰ፤ ግን ፊቱ በርቷል። ሁለት ጀልባ እንዲሠሩለት ነግሯት እጁን ዘረጋ። ምህረት አልጨበጠችውም። ተንበርክካ ጆሮዋን በግራው ቀፎ ላይ አስደግፋ በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ከአይሱዙው መጋዝ እንዲያመጡላት ጠየቀች።

ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ የመጋዙ ጥርስ ቀፎውን ሲነክስ ነው። ያሸነፈችበትን ጀልባ እየቆረጠች ነው። ሹፌሩ «አበደች እንዴ?» አለ። አቶ ታምራት የዘረጋውን እጅ ኪሱ ከተተ። ጅግሶ አልከለከላትም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል።

የተቆረጠው ቁራጭ ሲወድቅ ቡናማ ውኃ ተንዠቀዠቀ። ሽታው የበሰበሰ ቆጮ ነው። ቃጫው ጠቁሯል፤ በጣቷ ስትነካው ተፈረፈረ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት እኔን አየር ላይ ያንሳፈፈኝ ጀልባ ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው በዚህ ነበር።

«ጀልባው ሲዞር ግራው ልስልስ አለብኝ» አለች ምህረት። «ልጆች ነው የሚሳፈሩበት፣ አቶ ታምራት። ይኼን ሳላይ እጅዎን ልጨብጥ አልችልም።»

የቀኙንም ቆረጠች። እሱ ውስጡ ደረቅ፣ ነጭ፣ እንደ አጥንት የጠነከረ ነው። አቶ ታምራት ቁራጩን አንስቶ ለመስበር ታገለ፤ አልተሰበረለትም።

«ሁለቱም እንዲህ ሲሆኑ ጥሪኝ» አላት። ቁራጩን ይዞት ሄደ።

ዓርብ አመሻሽ፣ የመልስ መንገድ

የተቦደሱት ቀፎዎች አይሱዙው ላይ ታስረዋል። እኛ ሦስታችን ከፊት ከሹፌሩ ጋር ተጣብበን ተቀምጠናል። ቆላውን ጨርሰን አቀበቱን ጀመርን። ጅግሶ ተቀይሟል ብዬ ፈርቼ ነበር።

መጀመሪያ ያወራችው ምህረት ናት። ለጅግሶ ነው፤ ግን መንገዱን እያየች ነበር።

«ግራውን ውኃ እንዳያስገባ የቀባሁት እኔ ነኝ። ሳይደርቅ ነው የደረብኩት መሰለኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ጅግሶ። «ሰው ፊት የማን እጅ ሥራ እንደሆነ እንዳይጠይቁሽ ነው ዝም ያልኩት።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አጠገቧ ስለነበርኩ ተሰማኝ።

ዲላ ስንደርስ ወረድኩ። ጅግሶም ወደ ዓረብ አገር አለቃው ለመመለስ አብሮኝ የሚወርድ መስሎኝ በሩን ይዤለት ቆምኩ። እሱ ግን ወደ ሹፌሩ ዞሮ ወደ ኮንጋ እንዲቀጥል ነገረው።

«እዚያ ጓሮ ያለውንም ቀፎ ነገ ቆርጠን እናየዋለን» አለኝና በሩን ዘጋው።