ጥፍር የምታህል ክንፍ

አማቼ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ጣና ዳር ተወልደው፣ ስድስት ልጆች በመረብ አሳድገው፣ አምስተኛዋን ለእኔ ዳሩ። እኔ ደግሞ አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ተቀምጬ በስልክ ስንት ዓመት ጉራዬን ስነፋባቸው ኖሬያለሁ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት አወጣሁ አባባ፤ ክንድ ክንድ የሚያህሉ!» ያወጣሁት አንድም አልነበረም። ስቲልሄድ የሚባለው፣ ባሕር ወርዶ አድጎ ለመራባት ወደ ወንዙ የሚመለሰው ትልቁ ዓሣ፣ የእኔ ቢጤ የሚይዘው አይደለም።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሊጠይቁን መጡና ሻንጣቸው እንኳ ሳይፈታ «ወንዝህን አሳየኝ» አሉኝ።

አንድ ሰዓት ነድተን ስንደርስ፣ የሁለት ቀን ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ቡናማ አድርጎታል። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና «ዛሬ ተወው። ዓሣው መንጠቆህን አያየውም። ከነገ ወዲያ ይጠራል» አሉ።

«ኖ አባባ፣ አፑ ኦኬ ነው ይላል» አልኳቸው ስልኬን እያሳየሁ። እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪዬን ለብሼ ምንም ሳልይዝ እስከ ቀትር ውሃው ውስጥ ቆምኩ። እርሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

በሦስተኛው ቀን ውሃው ልክ እንዳሉት አረንጓዴ ሆኖ ጠርቶ ነበር። የማጥመጃ ዘንጌን ከመዘርጋቴ በፊት፣ ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው የሚገናኝበትን የአንድ ቋጥኝ ጀርባ ጠቆሙኝ። «በብርድ ጊዜ ዓሣም እንደ ሰው ነው፤ ጥግ ይፈልጋል።»

ጥቂት ጊዜ እንደወረወርኩ ክሩ ተወጠረ። አማቼ ከኋላዬ «ቀስ! አትጎትተው! ይድከምልህ!» እያሉ መሩኝና አንድ የሚያምር ስቲልሄድ እግሬ ሥር መጣ።

በዚህ ወንዝ ሕጉ አጭር ነው። በማርቢያ ገንዳ ሰው ያሳደጋቸው ዓሦች ጀርባቸው ላይ፣ ወደ ጅራታቸው ጠጋ ብላ ያለችው ጥፍር የምታህል ክንፍ በጫጩትነታቸው ለመለያ ትቆረጣለች። ክንፍ የሌለውን መውሰድ ይቻላል፤ ክንፍ ያለው የወንዙ የራሱ ልጅ ነውና ከውሃ ሳይወጣ ይለቀቃል። የእኔው ክንፍ ነበረው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በስልክ የዋሸሁባቸውን ዓመታት ሁሉ የሚያካክስልኝን ዓሣ በአማቼ ፊት እንዴት ልልቀቀው? ሁዳዴ ስለነበር እርሳቸው እንኳ አይቀምሱትም። ዓሣውን ለመብል ሳይሆን ለዓይናቸው ነበር የፈለግኩት። ዓሣውን ገደልኩና ቢላዬን አውጥቼ ክንፏን ቆረጥኳት።

«ምኑን ነው የቆረጥከው?» አሉኝ።

«እዚህ አገር እንዲህ ነው አባባ።»

ክንፏ በውሃው ስትሄድ በዓይናቸው ሸኟት።

መኪናችን ጋ ስንደርስ አንድ የዓሣ ጥበቃ መኮንን መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ የማጥመድ ፈቃዴን አየ፣ ዓሣውን አገላበጠ፣ አውራ ጣቱን በጀርባው ላይ አሻሸ። በማርቢያ የተቆረጠ ክንፍ ጠባሳው የዳነ ነው። የእኔው ገና ይደማል። «ይህን የቆረጠው ማን ነው?» አለ።

የዜግነት ቃለ መጠይቄ በሚቀጥለው ወር ነበር፤ በመንገዳችን ላይ ለአማቼ ስለዚሁ ጉዳይ ሳወራላቸው ነበር የመጣሁት። ስሜ ከዚያ በፊት የሕግ ጥፋት መዝገብ ላይ እንዳይጻፍ ምን ያህል እንደምፈራም ነግሬያቸዋለሁ።

አማቼ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ፊት ማንበብ ግን ይችላሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ደረታቸውን መቱ፣ ጎንበስ አሉ። «እኔ ነኝ በለው። ሽማግሌው ሳያውቅ ነው በለው።»

መኮንኑ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሉ?» አለኝ።

በመካከላቸው አስተርጓሚ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያሉትን አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። በሕይወቴ እንዲህ የተጣራ ትርጉም ሠርቼ አላውቅም።

መኮንኑ ዓሣውን ወሰደ፣ ሽማግሌ ናቸውና በማስጠንቀቂያ አለፋቸው። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። እርሳቸው ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ።

ቤት ስንገባ ለልጃቸው ራሳቸው ነገሯት። «ዛሬ የማይነካ ዓሣ በቢላ ቆርጬ አጠፋሁ፤ ባልሽ አወጣኝ።»

«አባዬ ደግሞ! አገሩን ሳያውቁ ቢላ ያነሳሉ?» ብላ ተቆጣቻቸው። ወደ እኔ ዞራም «ተባረክ፤ አንተ ባትኖር ምን ይውጣቸው ነበር?» አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽሮዬን ግን በላሁ።

ቃለ መጠይቁን አለፍኩ።

ዘንድሮ ተመልሰው መጡ። ባለቤቴ ገና ከኤርፖርቱ ሳንወጣ «አባዬ፣ በዚህ ጊዜ ወንዝ የሚባል ነገር የለም» ስትላቸው እየሳቁ «እሺ ልጄ» አሉ። ወደ እኔ ቀና አላሉም። እንዳላፍር ይመስለኛል።

ሁለት ቀን የጣለው ዝናብ ትናንት አባራ። አማቼ ሳሎኑ መስኮት አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ሰማዩን ሲያዩ ቆዩ።

«ከነገ ወዲያ ይጠራል» አሉ።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት «አባዬ!» ብላ ሳቀች። እርሳቸውም ሲያጠፋ እንደተያዘ ሕፃን ፈገግ ብለው ከመስኮቱ ዞር አሉ። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ስልኬን ማየቴን ቀጠልኩ።