የተንሳፈፉት ዘጠኝ እንቁላሎች

«ተንሳፈፈ ማለት ገማ ማለት ነው አልኩሽ!»

«አልገማም! ተው፣ ዲሲ አልኩህ፣ ዶሮዋ ሥር መልሳቸው! ትናንት ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቻቸዋለሁ፤ ከውስጥ ያንኳኳሉ።»

«እንግዲያውስ ‹ማነው?› በያቸው» ብዬ ሳቅኩባት።

በእህቴና በእኔ መካከል የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ነበር። ዶሮዋ ሃያ ቀን የታቀፈቻቸው ዘጠኝ እንቁላሎች ውሃው ላይ ጀርባቸውን ብቅ አድርገው ይወዛወዛሉ። የካቲት ነበር። ከሳምንት በፊት ነቀምት ላይ ዝናብ አካፍቶ ስለነበር የጓሯችን ቡና አብቦ አድሯል፤ ሽታው በመስኮቱ ከብርሃኑ ጋር ይገባል። ዛሬም ቤቴ እንቁላል ሲቀቀል ድስቱን ቀርቤ አላይም።

አየህ፣ ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከቤታችን ትምህርት ቤት የምሄደው እኔ ብቻ ነበርኩ። እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ፊደል የለየችው የእኔን ደብተር እየገለጠች ነው። አባታችንን ስትለምነው ከርማ በመጨረሻ፣ «ጫጩቶችሽ አድገው ተሸጠው ለደብተርና ለልብስሽ ከበቁ፣ መስከረም ላይ ትገቢያለሽ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮዋን እንደ አራስ ጠበቀቻት።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ በተቃረቡበት ሳምንት መምህራችን ሁለት እንቁላሎች ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከትቶ አሳየን። ትኩሱ ሰመጠ፤ የቆየው ተንሳፈፈ። «መጠናቸው እኩል ነው» አለን። «የቆየው ግን ውስጡ ያለው እርጥበት በቅርፊቱ እየተነነ፣ አየር እየተተካበት ቀለለ። በእኩል መጠን ከውሃ የቀለለ ይንሳፈፋል፤ የከበደ ይሰምጣል።» እኔ ከዚህ ሁሉ ይዤ ቤት የገባሁት የገማን እንቁላል መለየት ብቻ ነበር።

አባታችን ጭቅጭቃችንን ሰምቶ ገባ።

«ማሎ አባ፣ እባክህ፣ አንድ ቀን ብቻ ታገሠኝ» አለችው።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «መምህሩ ነው እንዲህ ያለህ?»

«አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እንግዲህ የተማረው እሱ ነው። ሳይፈነዳ ወስደህ ድፋው።»

ጓሮ ወስጄ አመድ መድፊያው ድንጋይ ላይ ገለበጥኳቸው። አፍንጫዬን ይዤ ቆየሁ። ስለቀው የሸተተኝ የቡና አበባ ነበር። ከተሰባበረው ቅርፊት መሃል እርጥብ ላባ አየሁ። አንድ ምንቃር ተከፈተ፤ ቀጭን ድምፅ አወጣ፤ ከዚያ ዝም አለ።

የታቀፈ እንቁላልም እርጥበቱ ሲተን ይቀላል። ሊፈለፈል የቀረበ ጫጩት የሚተነፍሰው ያንኑ የገባውን አየር ነው። ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ እህቴ አኖ የምትባል ከተማ ተድራ ሁለተኛ ልጇን በወለደችበት ዓመት ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ለአባታችን «ጫጩት ነበረባቸው» አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ወደ እህቴ ሳያይ፣ «ለከርሞ ይሆናል፣ ልጄ» አለ። ለከርሞም እንደማይሆን ሦስታችንም አውቀናል።

እህቴ አላለቀሰችም። ደብተሬን ከመደቡ ላይ አንስታ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ሰጠችኝ።

«ሂድ፣ ይረፍድብሃል።»

ከዚያ ሳፋውን ይዛ ወጣች። ዶሮዋ ጥጉ ላይ ባዶ መታቀፊያዋን ታቅፋ ነበርና፣ እንዳትደነግጥባት በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።