አንድ ጊዜ እምቢ ብል

እናንተ እዚያ ያላችሁ ሁሌ «በምን ጥፋት ወጣህ?» ትሉኛላችሁ። እንጃ! እኔም እስከ ዛሬ ግራ የሚገባኝ እሱ ነው። ያን ዕለት ማታ ሚስቴ ይታይሽ እስከ ጣና ዳር ሸኘችኝ። «እናቴን ትንሽ ይሻላት እንጂ እከተልሃለሁ» አለችኝ። ወደ ቁንዝላ የሚመለስ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ውስጥ አስተኝቶ የማዳበሪያ ጆንያ ጣል አደረገብኝ፤ እሷን ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት ቀረሁ።

ነገሩ የመጣው በቀበሌ ምርጫ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ አበጀ ተነሥተው ለሊቀመንበርነት ጠቆሙኝ። መቼም በእኛ አገር ሰው ሲጠሩት ዘሎ ጉብ አይልም፤ «ብላ» ሲሉት መጀመሪያ «በቃኝ» ነው የሚለው። እኔም «ኧረ ተዉኝ፣ ከኔ የሚሻል ሞልቶ!» ብዬ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እስኪሉኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ምርጫውን ሊያስፈጽም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣው ካድሬ ግን አፈጠጠብኝ።

«ጓድ፣ እምቢ ያልከው ሹመቱን ነው ወይስ አብዮቱን?»

«ኧረ ጓድ፣ እንዲያው ለወጉ ያህል ነው!»

«ይህን ወግ የምትለውን ደግሞ ማን መረጠው?»

ከዚያማ እምቢታዬ አሻጥር ነው ተብሎ ለድምፅ ቀረበ። «የሚደግፍ?» ሲል እጅ ሁሉ ወጣ። የይታይሽም ወጣ፣ ምን ታድርግ! «የሚቃወም?» ጸጥ። «ድምፀ ተአቅቦ?» ጸጥ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። በሙሉ ድምፅ ስላችሁ እውነቴን ነው፤ ግራ ቢገባኝ እኔም እጄን አውጥቻለሁ! ስሜ ወደ በላይ አካል ተላለፈ ሲባል ጋሽ አበጀ መጥተው «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያስበላሁህ፤ ቶሎ ጥፋ» አሉኝ።

በሱዳን አድርጌ ጀርመን ገባሁ። የስደተኛ ማደሪያውን «ሃይም» ይሉታል። ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል፣ ምሳውም ራቱም ድንች ነው፤ የጣና አምባዛ በሚጥሚጣ በሕልሜ ይመጣብኛል። አንድ ቀን ነዋሪው ተወካይ ይምረጥ ተባለ። ማን ቢጠቆም ጥሩ ነው? እኔ! ኃላፊዋ ፈቃዴን ስትጠይቅ፣ ያ ሁሉ ደርሶብኝም፣ አፌ ቀድሞኝ «ናይን፣ ናይን፣ ሌላ ሰው ይሻላል» አልሁ።

«ጉት»፣ ጥሩ ማለቷ ነው፣ ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ቁጣ የለ፣ ልመና የለ!

«ፍራው፣ አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው የጠየቁኝ!»

«ስንት ጊዜ ልጠይቅህ ኖሯል?»

ሰዉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ተማርሁ። እንግዳዬ ሻይ አልፈልግም ካለኝ «ጉት» ብዬ ለራሴ እጠጣዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ይታይሽ በቀጠሮ ቴሌ መጥታ በስልክ አገኘኋት። እናቷ ድነዋል። እሷን ደግሞ ለሴቶች ማኅበር ኮሚቴ መርጠዋታል።

«ስሜን ጠርተው ሳይጨርሱ እሺ አልሁ!» ብላ ሳቀች።

«የመምጫ ወረቀትሽ አልቋል፤ ነይልኝ በቃ» አልኋት።

«ኧረ ተወኝ፣ እኔ ደግሞ እዚያ ምን አደርግልሃለሁ? ይቅርብኝ» አለች።

«እሺ» አልሁ።

እሺ! እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። ይታይሽ ስልኩን አልዘጋችውም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ የሆነ ነገር እየጠበቀች ነው። ምን እንደሆነ ሊገባኝ ሲል «እንግዲህ ደኅና ሁን» አለች፤ መስመሩም ተቋረጠ።

እስከ ማታ ደወልሁ፤ አይገባም። «በሞቴ» ልላት ነበር።