ሁለቱን ሞት ሰርዢ

ዲላ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ ተሰጠኝ። ያኔ ጠመኔዬን በቀለም ለይቼ የምይዝ ዓይነት መምህርት ነበርኩ፤ በሰማያዊ ተራኪውን፣ በቀይ ገጸ ባሕርያቱን፣ በነጭ የራሴን ማብራሪያ እጽፋለሁ። ከኮርሱ ጎን ለጎን የምናነበው ስለ አንድ ሩቅ አገር ጦርነት የተጻፈ ልቦለድ ነበር፤ ድኅረ ዘመናዊ ከሚባሉት። በየምዕራፉ ያው አንድ ድልድይ ይፈርሳል። አንዱ ወታደር «እኛ ነን ያፈረስነው» ይላል፤ ሌላው «ጠላት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ጭራሹን ድልድይ አልነበረም ባይ ነው። ደራሲው አይፈርድም።

«ቲቸር፣ ታዲያ ለፈተና የቱን እንያዝ?» አለኝ ፊት የሚቀመጠው ተማሪ።

«ሦስቱንም። ስሙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ስታነቡት ማን እንደተናገረው ካወቃችሁ፣ ያ ጽሑፍ ድምፅ አለው። የምንማረው እሱን ነው።»

ከዚያ የኮርሱን አብዛኛውን ውጤት የሚይዝ አሳይመንት ሰጠኋቸው፦ ጦርነት የነካውን አንድ ቤት ጻፉ። የሰሜኑ ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ የሚጻፍ የሌለው አልነበረም። የመጣልኝን የጻፈው ግን ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶኮፒ ቤት ነው። ተማሪዎቹ በእጅ የጻፉትን እዚያ ይሰጣሉ። የምትተይበው ልጅ «ይስተካከልልህ?» ትላለች። ማስተካከል ማለት ለሁሉም ያንኑ መግቢያና ያንኑ መደምደሚያ መለጠፍ ነው። «ጦርነት የሰው ልጆችን ካጋጠሙ አስከፊ ችግሮች አንዱ ነው።» የወሎው ልጅም፣ የጅማውም፣ የጨለለቅቱዋም እንዲህ ብለው ጀምረዋል። እየተናደድኩ ስገልጥ አንዱን በእጅ እንደተጻፈ አገኘሁት።

ጸሐፊዋ የኮንጋ ልጅ ናት፤ ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ ካለችው የቡና ቀበሌ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ትቀመጣለች፣ አትናገርም። ያለፈው ሴሚስተር ውጤቷ ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ ይህን ኮርስ ከወደቀች ትባረራለች። የጻፈችው ሰሜን የዘመተውን የወንድሟን መርዶ ነበር።

መርዶ ሲነገር ሰዎች አስቀድመው ይመካከራሉ። ማን ይናገር፣ ምን ይባል፣ ምን ይቅር ይባላል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይመጣሉ። በእነሱ ቤት ግን ሦስቱ ነጋሪዎች ማን ቀድሞ እንደሚናገር ተስማሙ እንጂ ልጁ እንዴት ሞተ እንደሚሉ መነጋገሩን ረሱት። የቀበሌው ሰው «ሆስፒታል፣ ነጭ አንሶላ ላይ» አለ። አጎቷ ይህን እየሰማ «ምሽግ ውስጥ፣ በጓደኛው እቅፍ» አለ። እዚያው ቀበሌ ሱቅ ያላቸው፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ የመጡት ነጋዴ ደግሞ «በቅጽበት ነው፣ አልተሰማውም» አሉ። እውነቱን አንዳቸውም አያውቁም፤ ሁሉም ያጽናናል ያሉትን ነው የተናገሩት። እናትየው አልጮኸችም። ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ጥያቄ አቀረበች።

«ውሃ ጠጥቶ ነበር?»

የቀበሌው ሰው ነርሷ አጠጣችው አለ። አጎትየው ጓደኛው ከኮዳው አጠጣው አለ። ነጋዴው «አልጠማውም» አሉ።

ጽሑፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ስሞቹን በእጄ ሸፍኜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ለየኋቸው። ኤ ሰጠኋት።

ደንቡ ሁለተኛ አራሚ ይፈልጋል። እሳቸው በዕድሜም በማዕረግም ይበልጡኛል። ወረቀቱ ሲመለስ ሁለቱ ሞቶች ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልልቅ ኤክስ ተሰምሮባቸዋል፤ ከታች «መግቢያ የለውም፣ እርስ በርሱ ይጋጫል» ይላል፣ ከጎኑ ኤፍ። ወረቀቱን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ።

«ልጄ፣ ሰው ስንቴ ነው የሚሞተው?» አሉኝ።

«አንዴ ነው፣ ዶክተር። የሚነገረው ግን…»

«ድምፅ ድምፅ ትያለሽ፤ ሬዲዮ ጣቢያ ከፈትሽ እንዴ?» አጠገባቸው የተቀመጡት መምህራን ሳቁ።

«የምናስተምረው መጽሐፍ እኮ እንደዚሁ ነው። ድልድዩ ስንቴ ፈረሰ?»

«እሱ ደራሲ ነው። እሷ የኮንጋ ልጅ ናት።»

ይህችን ንግግር ዛሬም ሳስታውሳት ጆሮዬ ይግላል። ያን ድልድይ ለፈተና የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። ባሕር ማዶ ሲጻፍ ብልሃት ይሉታል፤ ከእሷ እናት ደጃፍ ሲመጣ መጋጨት ሆነ። የጮኽኩ ይመስለኛል። ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀረበ፤ ኮሚቴው ቸርነት ያለውን ውሳኔ ወሰነ። ሁለቱን ሞት ትሰርዝ፣ አንዱን ትምረጥ፣ በሳምንቱ ተይባ ታምጣ።

ጠርቻት እንደ ልማዴ በተራ አስረዳኋት፦ መጀመሪያ ይግባኝ፣ ከዚያ ዲኑ ጋ፣ ከዚያ ደግሞ ከዲኑ በላይ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ አይቆጡ። ይግባኙ እስኪታይ ምዝገባ ያልፋል። ያኔ እኔ ዱመርሶ ቀበሌ ቡና ለቀማ ላይ ነኝ፤ እርስዎ እዚሁ ነዎት።»

የይግባኙን ቅጽ መሳቢያዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።

የተተየበው በቀኑ መጣ። «ጦርነት የሰው ልጆችን ካጋጠሙ አስከፊ ችግሮች አንዱ ነው» ብሎ ይጀምራል። አንድ ሞት አለው። እናትየው አንድም ቃል አትናገርም።

«ውሃውስ?» አልኳት።

«የምትተይበዋ ልጅ ከርዕሱ ጋር አይሄድም አለች። ቦታም አልበቃም።»

ሁለተኛው አራሚ ቢ ሰጧት፤ ዳር ላይ «አሁን ድምፅ አለው» ብለው ጽፈዋል። ይህን ለእኔ እንደጻፉት አውቃለሁ። ስፈርም አጥብቄ ተጭኜ ኖሮ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ማለፏን ስነግራት አልሳቀችም። በሩን ይዛ ቆመች።

«ቲቸር፣ ይህችን ለሌላ ክፍል እንዳያነቧት። ከኮንጋ የመጣ ተማሪ አይጠፋም።»

«ምን አሳፈረሽ? ድንቅ ጽሑፍ ነበር እኮ።»

«የድሮውን አይደለም፤ አዲሱን ነው የምለው። እናቴ እስካሁን አንዱንም አልጣለችም። አንድ ቀን አንዱን ታምናለች፣ ሌላ ቀን ሌላውን። እኔ ሁለቱን እንደጣልኩ እንዳትሰማ። የቱን እንዳስቀረሁም።»

የቱን እንዳስቀረች እዚህም አልጽፈውም። ከእኔና ከእሷ ሌላ የሚያውቁት የምትተይበዋ ልጅ፣ የኮሚቴው ሰዎችና ኤክሱን ያሰመሩት መምህር ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በማግስቱ ረስተውታል።