ጉልበት ሳይታጠፍ ጉልበት መሳም

ጉልበቴን የጎዳው ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ የምሰድበው አገኝ ነበር። ነቀምቴ ላይ ላጤዎችና ባለትዳሮች ኳስ ስንጋጠም ማንም ሳይነካኝ፣ ኳሷም አጠገቤ ሳትኖር፣ ልዞር ስል ብቻ ጉልበቴ ቋ አለና ተዘረርኩ። ሠርጌ አራት ወር ቀርቶት ስለነበር ከላጤዎቹ ጋር የስንብት ጨዋታዬ መሆኑ ነው። ባለትዳሮቹ ተሸክመው ሲያወጡኝ "አንተ፣ ገና ሳታገባ እንዲህ ሆንክ?" እያሉ ይስቃሉ።

ሐኪሙ አጥንትና አጥንት እንዳይፋተግ መሃል ላይ የሚቀመጠው ለስላሳ አጥንት መሰንጠቁን ነገረኝ። ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል አለ። መሮጥ የለም፣ ቁጢጥ ማለት የለም፣ መንበርከክማ በጭራሽ። "እስከ መቼ?" ብለው "ጉልበትህን ጠይቀው" አይለኝም! እኔ እሱን ልጠይቅ አይደል እንዴ የሄድኩት?

መሮጡስ ይቅር። ያስደነገጠኝ መንበርከኩ ነው። የእጮኛዬ ቤተሰቦች የአርጆ ሰዎች ናቸው፤ ሙሽራው ተንበርክኮ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ካልሳመ ሠርጉ ሠርግ አይመስላቸውም። አባቷ ደግሞ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ግማሹን ከተማ ገርፈውታል፤ እስከ ዛሬ ሲያልፉ ከመቀመጫው የማይነሳ የለም። ልጃቸውን እስኪፈቅዱልኝ ሽማግሌዎቼን ሦስት ጊዜ አመላልሰዋል። በእኚህ ሰው ፊት ቀጥ ብዬ ብቆም የናቅኳቸው ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ጉልበቴ እንዲታጠፍልኝ ጠዋትና ማታ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ተረከዜን ፌስታል ላይ አድርጌ ወደ ራሴ እጎትታለሁ። እናቴ በበሩ ስታልፍ "ጎሽ፣ እዚያ ጥጉ ጋ ደግሞ ወልውልልኝ" ትለኛለች። ጎረቤቱ በሙሉ ወጌሻ ይጠቁመኛል፤ ሁሉም የየራሱ ወጌሻ አለው። የባጃጁ ሾፌር እግሬን ወደ ውጭ ዘርግቼ እንድሄድ ፈቅዶልኝ "ጃባዱ! በርታ!" ይለኛል። እጮኛዬ ስትደውል ገና ሰላም ሳትለኝ "ዛሬስ ስንት ታጠፈ?" ትላለች።

"ትንሽ።"

"ለአባዬ ትንሽ አይበቃም" ብላ ትስቃለች። እኔ ግን አልስቅም።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው በሬን ዘግቼ ፍራሽ ላይ ለመንበርከክ ሞከርኩ። መውረዱን ግማሽ ድረስ ወረድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ታችም የለም፣ ወደ ላይም የለም። እናቴ ጩኸቴን ሰምታ መጥታ አነሳችኝ፤ ያን ቀን እሷም አልቀለደችብኝም። ለእጮኛዬ ደወልኩና "አልቻልኩም፤ ለአባትሽ ንገሪያቸው" አልኳት። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። "እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የሠርጉ ዕለት አርጆ ደርሰን ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ፣ ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው እሳቸውን ነው። ብዙም መፈለግ አላስፈለገኝም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአግዳሚ ወንበር ላይ በተርታ ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ብቻ መሃል ላይ ከሁሉም በላይ ብቅ ብለዋል። ሦስት የለስላሳ ሣጥን ተደራርቦ፣ ትራስ ተደርጎበት፣ ርዕሰ መምህሩ ሙሉ ልብሳቸውን ከነጋቢያቸው ለብሰው እላዩ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል። እግራቸው መሬት አይነካም። በሁለት እጃቸው ሣጥኑን ጨብጠዋል። ድሮ እሳቸው የገረፏቸው ሰዎች በሙሉ እዚያው ተደርድረው ያዩዋቸዋል፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። እሳቸው ወዲያም ወዲህም አላሉም፤ እኔን ብቻ ያያሉ።

እያነከስኩ ቀረብኩና ከወገቤ ጎንበስ አልኩ። ጉልበታቸው ልክ አፌ ጋ ነበር።

"ደፊ! ቶሎ ሳም እንጂ ልጄ፣ ልወድቅ ነው!" አሉኝ በቀስታ።

አንዱን ሳምኩ፣ ሌላውን ሳምኩ፣ እንደገና የመጀመሪያውን ሳምኩ። ከዚያ ቀና ማለት አቃተኝና ፊቴን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ።