ለኦቦ ቱፋ በግማሽ ያስተማርኩት ትምህርት

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ድንች ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ ከአዳማ እየተመላለስኩ ቆቃ አካባቢ ላሉ ገበሬዎች የመስኖ ምክር እሰጥ ነበር። ውሃው በፓምፕ፣ በተራ ነው የሚደርሳቸው፤ አይበቃም። እኔም አንዱን ቦይ አጠጥቶ ቀጣዩን መዝለል፣ በሚቀጥለው ተራ ደግሞ የተዘለለውን ማጠጣት እንደሚቻል አስተማርኩ። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ግን ድንቹ ፍሬ መያዝ ሲጀምር መዝለሉ መቆም፣ ሁሉም ቦይ ውሃ ማግኘት አለበት፤ በተለይ እንደነሱ ባለ አሸዋማ መሬት። ይህቺን ሳልናገር መኪና ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ተነሳሁ። ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ረሳሁት።

ኦቦ ቱፋ የሚባሉ አዛውንት ያልኩትን ቃል በቃል ያዙ። የድንቹን ዘር የገዙት ያላቸውን አንድ በሬ ሸጠው ነው። ጎረቤት በኋላ እንደነገረኝ፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ባለቤታቸው "ኧረ ሁሉንም እናጠጣው" ብለው ለምነዋቸው ነበር። እሳቸው ግን "ባለሙያው እንዲህ አላለም" ብለው እምቢ አሉ።

ሲቆፈር የወጣው ድንች የብይ ያህል ነበር። ኦቦ ቱፋ ጎንበስ ብለው አንድ አንዱን እያነሱ አፈሩን በመዳፋቸው ይጠርጉለታል።

ምርቱን ለማየት አብሮኝ የመጣው አለቃዬ "ምን ሆኖ ነው?" አለኝ። ምላሴን ይቁረጠውና "ምክሩን በትክክል አልተከተሉም" አልኩ። እሳቸው እዚያው አጠገባችን ሆነው! ቀና ብለው አዩኝና "ልክ ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አሉ። የምራቸውን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መሬታቸውን አከራይተው ሄዱ ሲባል ሰማሁ። ባለፈው ወር ለሥራ ሞጆ አንድ መጋዘን ስሄድ በሩን የከፈቱልኝ ዘበኛ እሳቸው ሆነው አገኘኋቸው። "አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ልጄ" ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ለባልደረባቸውም "ያ ያስተማረኝ ልጅ ይሄ ነው፤ እኔ ነኝ እንጂ ያልሰማሁት" አሏቸው።

ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። "ባለቤትዎ ደህና ናቸው?" ብዬ አለፍኩ።

እንዲህ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር፤ በራሴ አፍራለሁ። ኦቦ ቱፋ ማንበብ አይችሉም። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።